ጠማማዋ ባና

ሞላሌ ገበያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ሰው አገላብጧት፣ ስቆ የተዋት፣
ጠርዟ የተንሻፈፈ፣ ወርዷ ያልተካከለ፣
እንደ በግ መንገድ ላይ ጠመም ዘመም ያለ፣
የእጄ መጀመሪያ፣ ያቺ ጠማማ ባና፣
ዛሬም አልጋችን ላይ ትውላለች ገና።

እንዲህ ነው የመንዙ፣ ከአያት የመጣ፣
ወንዱ ከጉድጓዱ፣ ሴት ከእንዝርት አትወጣ።
አንተም በጉድጓድህ፣ እኔም በእንዝርቴ፣
አሥራ አንድ ዓመት ኖርን፣ አሸብር ባለቤቴ።

ከዚያ የኅዳር ጉም።
ጣርማበር አናት ላይ አይሱዙው ሲገለበጥ
ሃያው ባና ተረፈ፣
አንድ እግር ቀረ።
ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሐኪሙ
ከጉልበትህ በታች በጣቱ አሳየኝ፣
ልክ እንደ ልብስ ሰፊ።

ቤት ገባህ። ጉድጓዱን ቀና ብለህ አላየኸውም።
አርባ ቀን ዝም አልክ፤ በአርባ አንደኛው ቀን
ሦስት ሽማግሌ አስጠርተህ ቆየኸኝ።

«አስካለ ልጅ እግር ናት፣ ውላችን ሰማንያ፣
ፊርማና ጣት እንጂ ሌላ የለው መያዣ።
ላሟም የሷ ትሁን፣ እርሻውም የራሷ፣
እኔን ግን አውርዱኝ፣ ዕዳ አልሁን በእሷ።»

ይህም ፍቅር ነበር። ገባኝ።
ግን ፍቅርህ ሰደበኝ።
ሽማግሎቹ ሊወጡ በትራቸውን ሲያነሡ
«እግረ መንገዳችሁን» አልኳቸው፣
«ቄስ ወልደ ሰማዕት ቤት ጎራ በሉልኝ፤
አስካለና አሸብር ሊቆርቡ ነው በሉ።»

ሰማንያን ዳኛ ይፈታል መርምሮ፤
ቁርባንን ሞት እንጂ ማን ይፈታል ደፍሮ?

ጎረቤት ተንሾካሾከ፦
«ምነው በሠላሳ ዓመቷ? ቁርባን እኮ የሽማግሌ ነው፤
ደም ሲቀዘቅዝ፣ ጥርስ ሲረግፍ።»
እኔ ደግሞ አሰብኩ፦
ጎኑን የተወጋልን ጌታ
ስንት ዓመቱ ነበር?

ሰንበት ነው፣ ገና ሳይነጋ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ።
አንተ በምርኩዝህ፣ እኔ በሌላው ጎንህ፣
በክርስትና ስማችን ተጠራን፣
ገብረ ኪዳን፣ ወለተ ሰንበት።
ስንወጣ ቄሱ እጃችንን አጋጥመው ያዙና
«እንግዲህ አንድ ሥጋ ናችሁ» አሉ።
አንተ ወደ ታች አየህ፤
«ባለ ሦስት እግር» አልክ፣ ቀስ ብለህ።
ከኅዳር ወዲህ ያን ቀን ሳቅክ።

በማግስቱ ጉድጓድህ ወረድኩ።
መርገጫው እግሬን በላው፣ መወርወሪያው ጣቴን፤
ድሩ በየክንዱ ተበጠሰብኝ።
አንተ ከበላዬ፣ መደቡ ጠርዝ ላይ፣
የተበጠሰውን በምራቅህ እያራስክ ቀጠልክልኝ።
ደግሞም እንዝርቴን አነሣህ።

«አሸብር ፈተለ!» አለ አገሩ ስቆ፣
«ሚስቱ ባል ሆነችው፣ እሱ ሚስት» አሽሟቆ።
አንተ ግን እንዝርቱን በጭንህ አሾርከው፣
«ጌታም ፎጣ ታጥቆ ዝቅ ብሏል» አልከው።

በአፍህ ብቻ መስሎኝ ነበር።
ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ
ሳፋውን በአንድ እጅህ፣ ምርኩዙን በአንድ እጅህ፣
ግማሹ ውሃ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ መጣህ።
ባለችህ ጉልበት ለመንበርከክ
ሁለት ጊዜ ወደቅክ።
ላነሣህ ስል «ተይኝ» አልክ።
ከዚያ መርገጫው የሰነጠቀውን ተረከዜን
እንደ ድር፣ አንድ በአንድ፣ በጣትህ ቆጠርከው።
ምንም አላልክም። እኔም።
ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እግሬን አላወጣሁም።

ባናዋስ?
አንዱ ወርድ ያንተ ነው፣ ጣርማበር ሳትሄድ
የጨረስከው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥፍር የማያስገባ።
ሌላው የኔ ነው።
መሃሉን ሰፋሁት። ስፌቱ ያስታውቃል።

ሌሊት የጓሳ ንፋስ በበሩ ሥር ሲገባ
ባናዋን ወዳንተ ገፋ አደርጋታለሁ።
ትንሽ ቆይታ
ወደኔ ትመለሳለች፤
አንተ ትተነፍሳለህ፣ እንደተኛ ሰው።
እኔም እንደተኛ ሰው እገፋታለሁ።

ስንገፋፋት ዶሮ ጮኸ።
ሁለታችንም በርዶናል።